የጎተራው ቁልፍ

ልጄ 14 ዓመት በሞላት ሳምንት፣ ሐምሌ ላይ፣ ከምንኖርባት ከቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ ተነሥተን፣ እንግሊዞች በአሜሪካ የመጀመሪያውን ቋሚ ሰፈራቸውን ወደመሠረቱባት ወደ ጄምስታውን ሄድን። ሦስት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት የቀረው መንገድ ነው። ቨርጂኒያ ስኖር 19 ዓመቴ ነው፤ ስሙን በየትምህርት ቤቱ ስብሰባና በየመንገዱ ምልክት ላይ አይቼዋለሁ። ለዜግነት ፈተና ሳጠናም «ሰፋሪዎቹ ወደ አሜሪካ ለምን መጡ?» ለሚለው ጥያቄ «ነጻነት ፍለጋ» የሚለውን መልስ በቃሌ ይዤዋለሁ። ቦታውን ግን ረግጬው አላውቅም ነበር።

ሙዚየሙ ውስጥ ብርሃኑ ደብዘዝ ያለ ጥግ አለ። በመስታወት ውስጥ የተሰባበረ የራስ ቅል ተቀምጧል፤ በዚያው የራስ ቅል ልክ የተሠራ የልጃገረድ ፊትም አለ። ጄን ይሏታል። እናትና አባቷ ያወጡላት ስም አይደለም፤ በ2012 አጥንቷን ከአንድ ወጥ ቤት ምድር ቤት ቆፍረው ያወጡት የአርኪዮሎጂ ባለሙያዎች የሰጧት ነው። እንግሊዛዊት ነበረች። ዕድሜዋ 14 ነበር። የሞተችው ከ1609 ወደ 1610 በተሻገረው የብርድ ወራት ነው (ስለ ጄምስታውን የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ግንባሯ ላይ አራት የተቀራረቡ የስለት ምልክቶች አሉ። ከሞተች በኋላ ጎረቤቶቿ በልተዋታል።

ልጄ ከመስታወቱ አልነቃነቅ አለች። «እኩያዬ ናት» አለች ቆይታ። እኔ እጇን ይዤ የሚቀጥለውን ጥያቄ እየፈራሁ ነው፤ ሰው ሰውን እንዴት ይበላል ብትለኝ ምን እላታለሁ እያልኩ። የጠየቀችኝ ግን ሌላ ነው። «እማዬ፣ ያኔ ምግቡን የሚይዘው ማን ነበር?»

አላውቅም አልኳት። በእርግጥም አላውቅም ነበር። ወደ ቤት ስንመለስ እሷ ኋላ ወንበር ላይ ተኛች፣ ጥያቄዋ ግን ከእኔ ጋር ነቅቶ መጣ። እኔ ያደግሁት ደሴ ነው፤ እናቴ የጓዳውን ቁልፍ መቀነቷ ውስጥ ቋጥራ ነበር የምትውለው። በ77 ዓመተ ምሕረት፣ እኔ ገና ሕፃን ሳለሁ፣ እህሉን በጣሳ ትሰፍር ነበር፤ ሞልታ በመዳፏ ትልጠዋለች፣ የተረፈውን ፍሬ አንድ በአንድ ለቅማ ወደ ጆንያው ትመልሰዋለች። ቤታችንን የሚያስተዳድረው አባታችን ነው ይባል ነበር። ያን ዓመት ግን ቤታችንን ያስተዳደረው ያ ጣሳ ነው። የልጄ ጥያቄ ሥር የሰደደብኝ ለዚህ ይመስለኛል። ያገኘሁትን ሁሉ በዚያ ዓይን ማንበብ ጀመርኩ።

ሳጥኑ ሲከፈት

ጄምስታውንን የመሠረተው ኩባንያ ነው። ለንደን የተቀመጡ ነጋዴዎችና መኳንንት በ1606 ከንጉሥ ጄምስ የፈቃድ ደብዳቤ ተቀብለው፣ ገንዘብ አዋጥተው፣ ሦስት መርከብ ላኩ። ተሳፋሪዎቹ ታኅሣሥ ላይ ከወደብ ሲለቁ ማን እንደሚያስተዳድራቸው አያውቁም ነበር። የሹማምንቱ ስም በታሸገ ሳጥን ውስጥ ተጽፎ ተቀምጧል፤ የሚከፈተውም ከባሕር ማዶ ሲደርሱ ብቻ ነው። ከአራት ወር በኋላ፣ ኤፕሪል 26 ቀን 1607 ማታ፣ ሳጥኑ ተከፈተ። ሰባት ስም ወጣ። ከሰባቱ አንዱ ጆን ስሚዝ ሲሆን በጉዞው ላይ በአድማ ተጠርጥሮ የታሰረ ሰው ነው። እስረኛው ሹም ሆኖ ተገኘ።

የሰፈሩት 104 ወንዶችና ወንዶች ልጆች ናቸው፤ ከግማሽ የማይተናነሱት ማረሻ ጨብጠው የማያውቁ ጨዋ ተወላጆች። ቦታውን የመረጡት ወንዙ እስከ ዳርቻው ድረስ ጥልቅ ስለሆነ፣ መርከቡን ከዛፍ ጋር ማሰር ስለሚቻል ነው። በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የሚባለው እዚህ ላይ ነው። ቦታው ረግረግ ነበር። ውሃው ባሕሩ ሲሞላ ጨው፣ ሲጎድል ጭቃና ቆሻሻ ይሆናል። ይህን የጻፈው ከመካከላቸው የነበረው ጆርጅ ፐርሲ ነው። ራሽናቸውንም ጽፎታል፦ ለአምስት ሰው በቀን አንድ ትንሽ ጣሳ፣ በውሃ የተቀቀለ ገብስ።

ጣሳ የሚለውን ሳነብ መጽሐፉን አስቀምጬ ተነሣሁ። እናቴን አየኋት።

የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ኤድዋርድ ማሪያ ዊንግፊልድ በተሾመ በአራተኛው ወር፣ ሴፕቴምበር ላይ፣ ተሻረ። የክሱን ዝርዝር ራሱ ጽፎልናል፣ እየተሟገተ። ከከሳሾቹ አንዱ የምክር ቤት አባል ዶሮ ከለከለኝ፣ አንድ ማንኪያ ቢራ ከለከለኝ፣ የተበላሸ እህል ሰጠኝ ብሎት ነበር። አንድ ማንኪያ ቢራ! የንጉሥ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ፣ የታሸገ ሳጥን፣ ምክር ቤት፣ ምርጫ፣ ቃለ መሐላ፤ ከዚያ ሁሉ በኋላ መንግሥት የወደቀው በዶሮ ነው። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል እንላለን እኛ። ዊንግፊልድ በልቶ እንደሆነ ወይም ለፍቶ ቆጥቦ እንደሆነ ዛሬ መፍረድ አይቻልም። ሊያስደንቀኝ የሚገባው ግን ጠቡ አይደለም፤ ከጎተራው ሌላ የሚጣሉበት ነገር አለመኖሩ ነው። ሁሉም የሠሩት ወደ አንድ የጋራ ጎተራ ይገባል፣ ሁሉም ከዚያ ይሰፈርለታል፤ የኩባንያው ሥርዓት እንዲህ ነበር። ስለዚህ ቁልፉን የያዘ ሁሉን ያዘ። ጃንዋሪ 1608 ላይ ከ104ቱ በሕይወት የተገኙት ወደ 38 የሚጠጉ ናቸው።

ሊሠራ የማይወድ አይብላ

ስሚዝ በ1608 መኸር ፕሬዚዳንት ሲሆን የተሰሎንቄን መልእክት ሕግ አደረገው፦ ሊሠራ የማይወድ አይብላ። በእሱ ዘመን የሞተው ሰው ጥቂት ነው፤ ይህን ጠላቶቹም ሊክዱት አይችሉም። ሰንበት ትምህርት ቤት የተማርኩትን ቃል እዚያ ሳገኘው በመጀመሪያ ደስ አለኝ። ቆይቼ ግን አንድ ነገር አልዋጥ አለኝ፤ እነርሱ ሠርተው የበሉት ምኑን ነው? ዛፍ ቆርጠዋል፣ ጉድጓድ ቆፍረዋል፣ ወርቅ ፍለጋ አፈር አጥበው ለንደን ልከዋል፤ አፈሩም አፈር ብቻ ሆኖ ተገኘ። የሚበላውን በቆሎ ያመረቱት በአብዛኛው ሌሎች ናቸው።

አገሩ ጸናኮማካ ይባላል፤ ፓውሃታን በሚል ማዕረግ የሚታወቀው ንጉሥ ወደ 30 የሚሆኑ ነገዶችን ያስገብር ነበር። በነርሱ ዘንድ በቆሎውን፣ ባቄላውንና ዱባውን የሚያለሙት ሴቶች ናቸው። የሰፋሪዎቹ ጎተራ ሲጎድል ስሚዝ በጀልባ እየዞረ ከእነርሱ በመዳብና በዶቃ ይገዛል፣ አልሸጥም ያለውን በጠመንጃ ያስፈራራል። እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ በሁለተኛው ብር፣ በሦስተኛው መዳብ ነው ይባላል። እነዚህ እንግዶች ሦስተኛው ቀን አልፎ ሁለተኛ ዓመታቸውን ይዘው ነበር። የዛፍ ዕድሜ ቀለበት የሚያጠኑ ሳይንቲስቶች ደግሞ ከ1606 እስከ 1612 ያለው ጊዜ በአካባቢው በ770 ዓመት ውስጥ ታይቶ የማይታወቅ ድርቅ የነበረበት መሆኑን አረጋግጠዋል። እንግዲህ የተጠየቁት ሴቶችም ከሌላቸው ላይ ነው የተጠየቁት።

ስሚዝ በ1609 በባሩድ ተቃጥሎ ወደ እንግሊዝ ተመለሰ። ሥልጣኑ በፐርሲ እጅ ወደቀ፤ ያው ስለ ጣሳው የጻፈው ፐርሲ። ፓውሃታን ምሽጉን አስከበበ፣ የወጣ አልተመለሰም። በምሽጉ 300 ገደማ ሰው ነበረ። ፈረሱን በሉ፣ ውሻና ድመቱን፣ አይጡን፣ የጫማ ቆዳውን። ጄን የሞተችው ያኔ ነው። በሜይ 1610 የተረፉት 60 ገደማ ናቸው።

የልጄን ጥያቄ መልስ ያገኘሁት በፐርሲ በራሱ ጽሑፍ ውስጥ ነው፣ ባልጠበቅሁት ቦታ። በወንዙ ቁልቁል፣ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ባሕሩ አፍ ላይ፣ ፖይንት ኮምፎርት የሚባል ቦታ ሌላ ትንሽ ምሽግ ነበራቸው፤ ስሙ በእኛ አፍ የመጽናኛ ጫፍ እንደማለት ነው። ብርዱ አልፎ ፐርሲ ወደዚያ ሲወርድ ሰዎቹን ደኅና ሆነው፣ ወፍረው አገኛቸው። ጥጋባቸውን ደብቀው ነው የከረሙት። ሸርጣን ከመትረፉ የተነሣ ለአሳማዎቻቸው ይሰጡ ነበር፤ ለአሳማ የተሰጠው ሸርጣን የብዙዎቻችንን ነፍስ ባዳነ ነበር ይላል ፐርሲ።

ለአሳማ። እዚህ ላይ ብዙ ቀን ቆየሁ። ፕሬዚዳንቱ እሱ ነው፤ የብርዱን ወራት ሙሉ አንድ ጀልባ ወደዚያ አልደረሰም፣ ከዚያም አንድ ጀልባ አልመጣም። በ77 ከደሴ ወጣ ብሎ ባለው መንገድ ዳር የተኮለኮለውን ሕዝብ እናቴ እንዳላይ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኔን ትሸፍነው ነበር። አድጌ ስጠይቃት «እህል ጠፍቶ መሰለሽ?» አለችኝ፤ ከዚያ በላይ አልተናገረችም። በሌላ አገር እህል ነበረ ማለቷ ነበር።

በዚያው ዓመት ኦገስት ላይ ፐርሲ የፓስፓሄግን መንደር እንዲመታ ታዘዘ፤ ጄምስታውን የቆመችው በፓስፓሄጎች መሬት ላይ ነው። ቤቱን አቃጠለ፣ የቆመ በቆሏቸውን አጨደ፣ ንግሥቲቱንና ልጆቿን ማረከ። ወታደሮቹ ልጆቹን ከጀልባው ወደ ውሃ ጥለው በጥይት መቷቸው። ንግሥቲቱም ኋላ በሰይፍ ተገደለች። ለእነዚያ ልጆች መስታወትና ብርሃን ያለው ጥግ አላየሁም።

ሠላሳ ሰው እና ሦስት ሰው

ከረሃቡ በኋላ የመጣው ሕግ ክፉ ነው። በቀን ሁለት ጊዜ በደወል ጸሎት፣ በከበሮ ሥራ። ጸሎት ያጓደለ መጀመሪያ የቀኑን ራሽን ያጣል፣ ሲደግም ይገረፋል። ከአትክልት ቦታ ሥር ወይም አበባ እንኳን ሆን ብሎ የነቀለ፣ አንድ እሸት የሰረቀ፣ ሞት። የራሱን ዶሮ ያለ ፈቃድ ያረደም ሞት። ከሁለት ወይም ከሦስት ፒንት ያልበለጠ የአጃ ዱቄት የሰረቀ አንድ ሰው ምላሱን በወስፌ ወግተው ከዛፍ ጋር በሰንሰለት አስረውት በረሃብ ሞተ፤ ይህን የመሰከሩት ከዓመታት በኋላ ራሳቸው ሰፋሪዎቹ ናቸው። ስሙን አልጻፉትም።

ሁኔታውን የለወጠው ግን ግርፋቱ አልነበረም። ቶማስ ዴል የሚባለው ገዢ፣ ያን ሕግ ያጠናከረው ጨካኝ ወታደር ራሱ፣ ቆይቶ ለነባሮቹ ሰፋሪዎች ለእያንዳንዳቸው ሦስት ኤከር መሬት ሰጠ። በዓመት ሁለት በርሜል ተኩል በቆሎና የአንድ ወር ጉልበት ይገብራሉ፣ ሌላው የራሳቸው ነው። የቅኝ ግዛቱ ጸሐፊ የነበረው ራልፍ ሃሞር በ1615 እንደጻፈው በጋራ ጎተራው ዘመን 30 ሰው ደክሞ ያስገባው እህል፣ ሦስት ሰው ለራሱ ሲሠራ የሚያገኘውን አያህልም ነበር።

ይህን ሳነብ አጎቴ ትዝ አለኝ። ከወሎ በሰፈራ ወደ መተከል ከተወሰዱት አንዱ ነው። ሰፈራ የሚለውን ቃል ከእሱ አፍ የሰማ ሰው ጄምስታውንን እንደ ሩቅ ታሪክ ሊያነብ አይችልም፤ እንግዳ አገር፣ ወባ፣ በደወል ሥራ፣ በስም ጥሪ ራሽን። መሬቱም ባለቤት ነበረው፤ የጉሙዝ አገር ነው። «ስንሠራ እጃችን ሥራው ላይ ነው፣ ልባችን መዝገቡ ላይ» ይል ነበር አጎቴ። ሃሞር ያን አያውቅም፣ አጎቴም ሃሞርን አያውቅም፤ አንድ ነገር ተናግረዋል።

ሦስቱ ኤከር ያጠገባቸው ሰዎች ግን በቆሎውን ትተው ትምባሆ ተከሉ። ጆን ሮልፍ የሚባል ሰፋሪ ከካሪቢያን አካባቢ ያስመጣውን ዘር በ1612 ዘርቶ ነበር፤ በ1617 ወደ እንግሊዝ የተላከው 20,000 ፓውንድ ደረሰ። በዚያ ዓመት የመጣው አዲስ ገዢ የገበያውን አደባባይና መንገዱን ሳይቀር ትምባሆ ተተክሎበት አገኘው። ትምባሆ ገንዘብ ሆነ። በ1620 ኩባንያው 90 ልጃገረዶች ለትዳር ላከ፤ ያገባ ሰው ለአንዷ የመጓጓዣ ወጪ 120 ፓውንድ ምርጥ ትምባሆ ይከፍላል። ይህን ለልጄ አልነገርኳትም፣ ገና ነው።

የመጽናኛ ጫፍ፣ እንደገና

ጁላይ 30 ቀን 1619 በእንጨት በተሠራችው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከ11 ሰፈር የተመረጡ 22 ሰዎች ከገዢው ከጆርጅ ያርድሊ ጋር ተሰበሰቡ። በእንግሊዝ አሜሪካ የመጀመሪያው የተመራጮች ጉባኤ ነው፤ እዚህ ያሉ ልጆቻችን ሁሉ የሚማሩት ይህን ነው። ሙቀቱ ከባድ ነበር፣ ከተመራጮቹ አንዱ በስብሰባው ቀናት ሞተ፤ ኦገስት 4 ቀን ተበተኑ። ስለ ትምባሆ ዋጋ ወሰኑ። ስለ ስካርና ስለ ቁማር ወሰኑ። እኔን የነካኝ ግን አንድ ትንሽ ድንጋጌ ነው፦ እያንዳንዱ ባለቤት ለራሱና ለሚያስተዳድረው ለእያንዳንዱ አገልጋይ አንድ አንድ ትርፍ በርሜል በቆሎ በየዓመቱ እንዲያስቀምጥ አዘዙ። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ሰው የተበላበት ምሽግ ነው ይህን የሚወስነው። ቁልፉ ከአንድ ሹም እጅ ወጥቶ ወደ የቤቱ ገባ። በዚያች ሌሊት ልጄን ቀስቅሼ ልነግራት ፈልጌ ነበር። መልሱ ይኸውልሽ፣ ተምረዋል፣ ልላት።

አለመቀስቀሴ ይሻላል። ገጹን ገለጥኩ።

በዚያው በኦገስት መጨረሻ ዋይት ላየን የተባለ መርከብ ፖይንት ኮምፎርት ደረሰ። ያው ፖይንት ኮምፎርት፣ ሸርጣን ለአሳማ የተሰጠበት። የጫነው ከ20 የሚበልጡ አፍሪካውያን ነው፤ ከአንጎላ፣ ፖርቱጋሎች ከንዶንጎ መንግሥት ማርከው ወደ ሜክሲኮ ከሚወስድ መርከብ ላይ በባሕር የተዘረፉ። ሮልፍ፣ ያው የትምባሆው ሮልፍ፣ ነገሩን በደብዳቤ ጽፎታል። ገዢውና ኬፕ መርቻንት የሚባለው ሹም በምግብ ገዟቸው ይላል፤ የመርከቡ አዛዥ ስንቅ እንደቸገረው ተናግሮ ነበርና፣ በቻሉት ርካሽ ዋጋ።

ኬፕ መርቻንት ማለት ምን እንደሆነ አላወቅሁም ነበር። የመርከብ ሹም መስሎኝ አለፍኩት፣ ተመልሼ ፈለግሁት። የኩባንያው ጎተራ ጠባቂ ነው። በዚያን ጊዜ አብርሃም ፒርሲ የሚባል ሰው ነበር። ወደ ጎተራው የሚገባውን የሚረከብ፣ የሚወጣውን የሚሰፍር፣ ቁልፉን የሚይዝ።

ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ገደማ ወጥ ቤቴ ውስጥ ቁጭ ብዬ ነው ይህን ያነበብኩት። ሳምንታት ሙሉ ቁልፉን ስከተል የመጣሁት እዚህ ለመድረስ አልነበረም። ተርበው ሰው የበሉት ሰዎች ምግብ ሲተርፋቸው ሰው ገዙበት። እኔ ደግሞ ያን ጎተራ ሙሉ ሆኖ ሳየው ደስ ብሎኝ ነበር። በርሜሎቹን በሐሳቤ ቆጥሬ እግዚአብሔር ይመስገን ያልኩ ሴት ነኝ። ደስታዬ ሐሰት አልነበረም፤ ረሃብን ያየ ሰው የሞላ ጎተራ ሲያይ ልቡ ያርፋል። ነገር ግን ጎተራው ሞላ ወይ ብዬ ስጠይቅ፣ ሞልቶ ምን አደረገ ብዬ አልጠየቅሁም። ስለ መብት ያለው ትምህርትና ስለ ባርነት ያለው ትምህርት ለልጄ በሁለት የተለያዩ ሳምንታት ነው የሚሰጣት። ሁለቱንም ግን በአንድ ወር ውስጥ፣ ስብሰባውን የመራው ገዢ ራሱ፣ ከአንድ ጎተራ ነው ያደረገው።

በማግሥቱ ቁርስ ላይ ነገርኳት። ሁሉንም፣ አሳማውንም ጎተራ ጠባቂውንም። እንጀራዋን ይዛ ቆየችና «ከተሸጡት ውስጥ ስሙ የሚታወቅ አለ?» አለችኝ።

አለ። ጥቅምት ላይ ተመለስን። ሙዚየሙ ጋ አልቆምንም፤ ካፒቴን ዊልያም ፒርስ የሚባል ሰው ቤት ወደነበረበት፣ ከ2017 ጀምሮ ቁፋሮ ሲካሄድበት ወደቆየው መስክ ሄድን። ሣሩ ላይ ጤዛ ነበረ፣ ወንዙ ከዛፎቹ ወዲያ ይታያል። በ1625 መጀመሪያ ላይ ቅኝ ግዛቱ ሰዉን ከእህሉ፣ ከጠመንጃውና ከከብቱ ጋር ቤት ለቤት ቆጥሮ ነበር። በፒርስ ቤት ከተመዘገቡት አራት አገልጋዮች አንዷ አፍሪካዊት ናት። ትሬዠረር በተባለች፣ ከዋይት ላየን ጥቂት ቀናት በኋላ በደረሰች መርከብ የመጣች። የመርከቧ ስም ገንዘብ ያዥ ማለት ነው። ሴትዮዋን ዛሬ አንጄላ ይሏታል።

መዝገቡን በስልኬ ይዤው ስለነበር ልጄ ተቀበለችኝና ጮክ ብላ አነበበችው። ቶማስ ስሚዝ፣ ዕድሜ 17። ሄንሪ ብራድፎርድ፣ ዕድሜ 35። ከዚያ አንዲት እንግሊዛዊት የቤት ሠራተኛ። ከዚያ «አንጀሎ፣ ጥቁር ሴት፣ በትሬዠረር።»

«ዕድሜዋስ?» አለችኝ።

ስልኩን ወስጄ መስመሩን እንደገና አየሁት። አልተጻፈም።